ባሕር ያላየው ሞተር

በአዋሽ ከተማ በምናገለግልበት ደብር፣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ ዝገት የበላው የወፍጮ ሞተር ተቀምጧል። የሰበካ ጉባኤው በብረትነቱ ይሸጥ ብሎ ወስኖ፣ ቃለ ጉባኤውን እፈርም ዘንድ ወደ እኔ ላከው። እኔም ብዕሩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት።

የሞተሩ ስም ሊስተር ነው። ሮበርት አሽተን ሊስተር የተባለ እንግሊዛዊ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1867 ደርስሊ በምትባል ታናሽ ከተማ የእርሻ መሣሪያ መሥራት ጀመረ፤ ፋብሪካውም በ1929 ይህን በናፍጣ የሚሠራውን ዓይነት አወጣ። ጕልበቱ የ5 ፈረስ፣ ዙሩም በደቂቃ 600 ብቻ ነበርና አይቸኵልም፤ ስለማይቸኵልም ዕድሜው ይረዝማል። ባትሪ አይሻም፤ ሰው በእጁ መዘውሩን አዙሮ ያስነሣዋል። ይኸው ፋብሪካ ለጀልባ የሚሆን ሞተርም ይሠራ ነበር፤ የእኛው ግን ዕጣው ባሕር በማይደርስ ወንዝ ዳር ወጣ፤ አዋሽ ከሰመራ ብዙ ሳይርቅ አልፎ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራልና።

ፋብሪካው በ1965 ወደ ሆከር ሲድሊ እጅ ገባ፤ በ1986ም ከፔተር ጋር ተዋሕዶ ሊስተር ፔተር ተባለ። ሕንዶች ደግሞ በራጅኮት ከተማ የሞተሩን አምሳያ ሲሠሩ ኖረዋል። ገዢው «የሕንድ ከሆነ ዋጋው ይወርዳል» ብሏል፤ ብረት በሚዛን ለሚገዛ ሰው ይህ ምን እንደሚያደርግለት አልገባኝም።

እናቴ በጎጃም ሌሊት በዶሮ ጩኸት ተነሥታ በድንጋይ ትፈጭ ነበር፤ እኛ ልጆች በወፍጮው ድምፅ ተኝተን በወፍጮው ድምፅ እንነቃለን። አንድ ጊዜ ከቅኔ ቤት ማልጄ ብመጣ ቤቱ ጸጥ ብሎ እርሷም ተኝታ አገኘኋት። ታመመች ብዬ ደነገጥሁ። «ምን እታመማለሁ፤ ሞተር መጣልን» አለችኝ። ያን ቀን ሳላውቀው የኖርሁትን ድካሟን ዐወቅሁ። ስለ ድንጋዩ ወፍጮ ብዙ ተቀኝቻለሁ፤ ስለ ሊስተር ግን አንድም ቤት አልቈጠርሁለትም፤ ይህም ያሳፍረኛል።

ጉባኤው አልተሳሳተም። የኤሌክትሪክ ወፍጮ ይፈጥናል፤ ጪስም የለውም፤ ደብራችንም ገንዘብ ይቸግረዋል።

ትናንት ጸሓፊው መጥቶ «መምህር፣ ገዢው ሐሙስ ይመጣል» አለኝ። «እስቲ አንድ ጊዜ እናዙረው» አልሁት። ሁለታችን መዘውሩን ይዘን ገፋነው፤ መንኰራኵሩ ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ። ጸሓፊው እጁን እየጠረገ ጥቂት ዝም አለና፣ «ዘይት ቢያገኝ...» አለኝ። ቃለ ጉባኤው እስከ ዛሬ አልተፈረመም።