ዝም ያለ ልጅ ጨዋ መስሎኝ

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው መስከረም ከገበያ ስንመለስ የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና «እማማ፣ ደከመኝ» አለኝ። ጉልበቴን የሚያመኝ አሮጊት ዘንቢል አንጠልጥዬ ቆሜ ጠበቅኩት።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። በወቅቱ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የልብን ቫልቭ ሊጎዳ እንደሚችል ስለማውቅ ደነገጥኩ። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ በደንብ መረመረውና «ልቡም ሳንባውም ደህና ነው» አለኝ። ቀጥሎ «ለመሆኑ ይጫወታል?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ስንቱን እናት የጠየቅኩት ጥያቄ ነበር።

እውነቱን ልናገር። ልጁ ከትምህርት ቤት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመጣል። መክሰሱን አበላውና እናቱ እስክትመለስ ስልኬን እሰጠዋለሁ። ውጭ መኪና አለ፣ ጉልበቴም አያስሮጠኝም። ዝም ሲል ደግሞ ጨዋ ልጅ ይመስለኝ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብ ምታቸውን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ደቂቃው በአንዴ መሞላት የለበትም። ሩጫ ልብንና ሳንባን፣ ዝላይ አጥንትን ያጠነክራል። ለዚህ ደግሞ የልጅነታችን ጨዋታ ይበቃል።

ጠመኔ ይዤ ወረድኩና ግቢው ሲሚንቶ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሠራሁለት። የመጀመሪያው ቀን በአንድ እግሩ መቆም አቃተው፤ አፈረና ስልክ ብሎ አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ልጆች መጡ፤ ከዚያ በኋላ እኔ አላስፈለግኩም። አባሮሹና ገመድ ዝላዩ ተከተለ። የመኪናውን ነገር ከጥበቃውና ከጎረቤቶች ጋር ተነጋገርን፤ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል አንዱ ጥግ ለልጆች ተለቀቀ። ዝናብ ሲሆን ቤት ውስጥ በካልሲ ኳስ ይጫወታል፤ ድብብቆሽም አለ።

አንድ ቀን ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። ልጄ ከሥራ ስትገባ አይታ «እማዬ፣ ቤት ቢቀመጥ አይሻልም ነበር?» አለችኝ። ቁስሉን በውኃና በሳሙና አጥቤዋለሁ፤ ያን ያህል የሚያስፈራ አልነበረም። «የተላጠ ጉልበት በሳምንት ይድናል፤ እኔን የፈራኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ያለ ዕለት ነው» አልኳት። ዝም አለች። ቅዳሜ ግን ገመዱን የምታዞረው እሷ ነበረች።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ልጅ ሲጫወት ደረቱን ካመመው፣ ራሱን ከሳተ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ጨዋታውን አስቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። «ሰነፍ ነው» ብላችሁም አትለፉት። እንደኔ መጀመሪያ አስመርምሩ፤ ደህና ከሆነ ግን በሩን ክፈቱለት።

አሁን ከገበያ ስንመለስ ቲማቲሙን ይዞ የሚቀድመኝ እሱ ነው። እኔ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼን ስሰበስብ ከላይ አጎንብሶ «እማማ፣ ደከመሽ እንዴ?» ይለኛል።