ከጠርዙ ወዲያ

አባቴ በሕይወቱ ከተነሣቸው ፎቶግራፎች መካከል የሚስቅበት አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድና ለጡረታ ደብተር የተነሡ ናቸው፤ በእነዚያ ሁሉ ላይ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። የሚስቅበት ግን በ1958 ዓ.ም. ከአንድ ፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ቆሞ የተነሣው ነው። ፊቱን ከካሜራው መለስ አድርጎ ወደ ጎን እየተመለከተ፣ ጥርሱ እስኪታይ ድረስ ይስቃል።

አባቴ በ2005 ዓ.ም. ዐረፈ። በማግሥቱ ዓመት ሙት ዓመቱ ሲቃረብ፣ የሕይወት ታሪኩን የያዘች ስምንት ገጽ ያላት ትንሽ መጽሔት አሳትመን ለወዳጅ ዘመድ ለማደል ተስማማን። ጽሑፉን በአሜሪካ ቨርጂኒያ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ልታዘጋጅ፣ የኮምፒዩተሩን ሥራ ደግሞ እኔ ልሠራ ተከፋፈልን። ሥራው ለእኔ የተሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። እንጀራዬ ነውና።

በመሥሪያ ቤቴ ሌሎች የጻፉትን ዘገባ በማይክሮሶፍት ዎርድ እያቀናበርኩ፣ ሥዕልና ግራፍ እያስገባሁ ነው የምውለው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የራሱ ጠባይ አለው። ፎቶግራፍ ገጹ ላይ እንደገባ መጀመሪያ የሚቆጠረው እንደ አንድ ትልቅ ፊደል ነው። ከፊቱ አንድ ቃል ቢጨመር ይገፋል፤ ቢሰረዝ ይከተላል። ቃላቱ በዙሪያው እንዲፈስሱ የሚፈልግ ሰው ከፊደልነት ነጻ ሊያወጣው ይገባል። ሲያሳድጉትም ጥንቃቄ ይሻል፤ የጎኑን ነጥብ የጎተተ ቀጭኑን ሰው ያወፍራል፣ የማዕዘኑን ነጥብ የጎተተ ግን መልኩን እንደ ጠበቀ ያሳድገዋል።

ግራፍ ደግሞ ከፎቶግራፍ የባሰ ተንኮለኛ ነው። ባለፈው ዓመት 94፣ ዘንድሮ 97 የተመዘገበ ነገር ቢኖር፣ ቋሚው መስመር ከዜሮ ሲነሣ ሁለቱ ዓምዶች እንደ መንታ ወንድማማቾች እኩል ሆነው ይታያሉ። መስመሩን ከ90 ያስጀመሩት እንደሆነ ግን አንዱ ዓምድ አራት፣ ሌላው ሰባት ይሆንና እድገቱ ተራራ ያህላል። አንድም ቁጥር አልተዋሸም፤ የተቆረጠው ከታች ያለው ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ግራፍ አለቆቼ ሲወዱልኝ ኖረዋል፤ እኔም ደመወዜን ስቀበል ኅሊናዬ ብዙም አልቆረቆረኝም።

እንግዲህ የአባቴን ፎቶግራፍ በስካነር አንሥቼ ወደ ኮምፒዩተሩ ሳስገባው እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ አየችና፣

«ልጄ፣ ያንን ሰውዬ አውጣው» አለችኝ።

«ያ ሰውዬ» የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። በፎቶግራፉ ላይ በአባቴ ጎን ቆሟል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ከአያቴ የወረሷቸው ሁለት ቤቶች ገና አልተከፈሉም ነበር። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይፈቅድም ነበር። አጎቴ እንደ በኩር ልጅነቱ ሁለቱንም በስሙ አስመዘገበ፤ እርሱ የሚኖርበት ቀረለት፤ እኛ የምንኖርበት «ትርፍ» ተብሎ ተወረሰ። እርሱ፣ «ወረቀቱ በእኔ ስም ስለ ነበር በዚያ ጊዜ ሌላ ቃል ለመናገር ፈራሁ» ይላል። እናቴ ደግሞ አያታችን ባሠራው ቤት ውስጥ የቀበሌ ተከራይ ሆና፣ የየወሩን ደረሰኝ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ስታጠራቅም ኖረች። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ ወዲህ በአንድ ማዕድ አልተቀመጡም። አጎቴ በአባቴ ቀብር ላይ ከሰው ኋላ ቆሞ አልቅሶ፣ ማንንም ሳያነጋግር ነበር የሄደው።

እናቴን አልተከራከርኳትም። ፎቶግራፉን ነካሁ፣ ክሮፕ የሚባለውን መቁረጫ መረጥኩ፣ የግራውን ጠርዝ ይዤ ወደ ቀኝ ገፋሁት። አጎቴ ከነሙሉ ልብሱ ጠፋ። ሁለት ሰከንድ እንኳ አልፈጀም።

በሥራው ላይ ሳለሁ ትዝ ያለኝ የሶቪየቱ ኒኮላይ የዦቭ ነበር። በሞስኮና በቮልጋ ቦይ ዳር ከስታሊን ጎን ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍ ዓለም ያወቀው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ከተረሸነ በኋላ ከምስሉ አወጡት፤ በቆመበትም ስፍራ የቦዩን ውኃ ሞሉበት። ያን ጊዜ ይህን ለማድረግ ባለሙያ፣ ብሩሽና ትዕግሥት ያስፈልግ ነበር። ለእኔ ግን አንዲት ጣት በቃችኝ። ውኃም መሙላት አላስፈለገኝም፤ ጠርዙን ብቻ አስጠጋሁ።

ፋይሉን ለእህቴ ላክሁላት። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ደወለች።

«አባባ ምን አይቶ ነው የሚስቀው?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ወደ ገጹ ጫፍ እያየ ይስቃል እኮ። እዚያ ምንም የለም። ባዶ ነገር እያየ የሚስቅ ሰው አስመሰልከው።»

መልስ ሳጣ እርሷ ቀጠለች። «ምስሉን ትንሽ ላሰፋው ብዬ መቁረጫውን ነካሁት። ጋሼን አየሁት። በጥላ ውስጥ ቆሟል።»

ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራበት የኖርኩትን ነገር በዚያች ሌሊት ነው በቅጡ ያስተዋልኩት። ፕሮግራሙ ሲቆርጥ አያጠፋም፤ ይሸፍናል እንጂ። መቁረጫው እንደገና ሲነካ የተከለለው ክፍል ጠቆር ብሎ በስፍራው ይታያል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ተነሥቼ ፋይሉን ከፈትኩት። የዎርድ ሰነድ ዚፕ ሆኖ የታሸገ ከረጢት ነውና፣ ቅጂውን የዚፕ ስም ሰጥቼ ውስጡን ገለጥኩ። የምስሎቹ ማኅደር ውስጥ ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ቆመዋል። ግራፉም ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም። ከኤክሴል ከነሠንጠረዡ የተለጠፈ ግራፍ፣ ሊታይ ያልተፈለገውን ገጽ ሁሉ አዝሎ ይጓዛል። ስንቱን ዘገባ እንዲሁ አሳልፌ ሰጥቼ ይሆን ብዬ በጨለማ ውስጥ አፈርኩ።

በእርግጥ የተቆረጠውን ክፍል ከነጭራሹ የሚያጠፋ ትእዛዝ አለ። ምስሉን ለማሳነስ ከሚያገለግለው ስፍራ ገብቶ አንዲት ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ሰነዱ ተቀምጦ ከተዘጋ የተቆረጠው ከዚያ ፋይል አይመለስም። እጄን እስከዚያች ሣጥን ድረስ ወሰድኩና መለስኩት። እናቴ ያዘዘችኝ ይህንን ነበር ወይስ ያኛውን? ለመጠየቅ እስኪነጋ ጠበቅሁ።

ጠዋት ቡናዋን ስትጨርስ ከኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጥኳት። መጀመሪያ የተቆረጠውን፣ ቀጥሎ ሙሉውን አሳየኋት። መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ እንደገና አየች። ከቆርቆሮው ውስጥ ያሉት ደረሰኞች ሁሉ በመካከላችን የተዘረጉ መሰለኝ።

«ቤቱን አልረሳሁም» አለች በመጨረሻ። «ስሞትም አልረሳው። ግን አባትህ እንዲህ የሚስቀው ከእርሱ ጋር ሲሆን ብቻ ነበር። እኔንም ሲያጨኝ እንዲህ አልሳቀልኝም።» ከዚያም ተነሣች። «ተወው፤ ይቁም።»

ከሥዕሉ በታች ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ግን አልነገረችኝም። «ከወንድማቸው ጋር፣ 1958 ዓ.ም.» ብዬ ጻፍኩ። ስም አልጨመርኩም፤ እርሷም አልጠየቀችኝም።

በሙት ዓመቱ ዕለት አጎቴ መጣ። ከድንኳኑ ዳር ተቀምጦ መጽሔቷን ተቀበለ። ገጾቹን አንድ በአንድ ገልጦ ፎቶግራፉ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ለረጅም ጊዜ አላነበበም፣ አልገለጠምም። ሰው ሲበተን ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣

«ይህ ፎቶግራፍ እኔ ዘንድ የለም» አለኝ። «የእርሱን ብቻ ለይተህ ታወጣልኛለህ? ራሴንማ በመስተዋት አየዋለሁ።»

እሺ ጋሼ አልኩት። በዚያው ምሽት ያፈርኩበትን የመጀመሪያውን ፋይል ፈልጌ ከፈትኩ። የሚጨመርበትም የሚቀነስበትም አልነበረም። ያው ጠርዝ ነው፤ ያው አባቴ ነው፤ ባዶውን እያየ ይስቃል። የማዕዘኑን ነጥብ ይዤ አሳደግሁት፣ አሳተምኩት፣ በፍሬም አድርጌ ወሰድኩለት።

አጎቴ ሚስማሩን የት እንደሚመታ ሲለካ ብዙ ቆየ። ወደዚህ አለኝ፤ አይደለም፣ ወደዚያ አለኝ። ትዕግሥቴ ሊያልቅ ሲል ነው የገባኝ። ሥዕሉ ከተሰቀለበት፣ አባቴ የሚመለከትበት ጎን የአጎቴ ወንበር ያለበት ነው። ሄዶ ተቀመጠና ቀና ብሎ አየው።

ወደ ቤት ስመለስ እናቴ የወሩን ኪራይ ከፍላ መጥታ ነበር። ደረሰኙን አጥፋ ቆርቆሮው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችውና፣

«የት ሰቀለው?» ብላ ጠየቀችኝ።