የሌለችውን እናት ቦታ የሚጠብቁ አያት

«አያት ያሳደገው ልጅ ቅምጥል ነው» ሲባል ያልሰማች እናት የለችም። ልጇን ለእናቷ ወይም ለአማቷ አደራ ሰጥታ ወደ ሥራ የምትወጣ እኅት ደግሞ ይህን አባባል ከሌሎቻችን ይበልጥ አዘውትራ ትሰማዋለች። አያቲቱ ልጁን በጣፋጭ አበላሸችው፣ አትቆጣውም፣ የእናቱን ቃል ታፈርስበታለች ይባላል። በበኩሌ ይህ ወቀሳ ሁልጊዜ ሐሰት ነው አልልም። ሆኖም አያት የእናትን ቦታ ልትወስድ የምትችለውን ያህል፣ ቦታውን ልትጠብቅላትም እንደምትችል በዐይኔ ያየሁት በደቡብ ሕንድ አንድ ቤት ውስጥ አምስት ሳምንት በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው።

ጉዞው በ2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ለአጭር የሙያ ሥልጠና የተደረገ ነበር። ቦታው ኬረላ በሚባለው ክፍለ ግዛት የሚገኘው የኮታያም ከተማ ነው። መንገዱን ግራና ቀኝ የሚሞላው የጎማ ዛፍ ሲሆን፣ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ከሚንጠባጠበው ወተት መሰል ፈሳሽ ጋር እንዳይቀላቀል በየግንዱ ወገብ ላይ ላስቲክ እንደ ቀሚስ ይታሰርለታል። ከእንግዳ ማረፊያ ይልቅ ከቤተሰብ ጋር ብታርፊ ይሻልሻል ብለው ያገናኙኝ ሰዎች የቤቱ ባለቤት የ76 ዓመት አዛውንት መሆናቸውን እንጂ ሌላ የነገሩኝ አልነበረም። ደጃፍ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ «እንደምን ነሽ? ግቢ!» ያሉኝ በአማርኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኒህ ሴት ከ1964 እስከ 1968 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሒሳብ አስተምረዋል። ከአማርኛው ያልጠፋባቸውም የአስተማሪ ቃል ነው፤ «ዝም በሉ»፣ «ተቀመጥ»፣ «ጎበዝ»። በዚያ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበሩ አንባብያን ሳሪ ለብሳ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የምትቆመውን ሕንዳዊት መምህርት የሚረሷት አይመስለኝም። ከእነዚያ መምህራን ብዙዎቹ የኬረላ ክርስቲያኖች ነበሩ። የሴትዮዋ ቤተ ክርስቲያን ከኛይቱ ጋር በሃይማኖት እኅትማማች ናት፤ በጥር 1957 ዓ.ም. የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች አዲስ አበባ ላይ በተሰበሰቡ ጊዜ የእነሱም አባት ተገኝተው ነበር። እናም ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ሳይቀርብልኝ ሲቀር እንግዳነት አልተሰማኝም።

በቤቱ ያለን ሦስት ሰዎች ነን። አዛውንቷ፣ የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውና እኔ። ልጅቷ አያቷን «አማቺ» ትላቸዋለች፤ እኔም እንደ እሷ አማቺ አልኳቸው። ባለ ሁለት ፎቁ ቤት ስድስት ክፍሎች አሉት፤ አራቱ በአብዛኛው ዝግ ናቸው። የተሠራው ከኩዌት በሚላክ ገንዘብ ነው። የአማቺ ልጅ ነርስ ናት፤ ከባሏ ጋር ኩዌት ትሠራለች። ሁለቱም ፈረቃ ስለሚገቡ ሕፃኗን የሚይዝላቸው ሰው በማጣታቸው ልጅቷ በሁለት ዓመቷ ወደ አያቷ ተላከች። በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለው ቤት አንድ ብቻ አይደለም። የኬረላ ነርሶች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች መሄድ ከጀመሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኗል።

ስለ ምግቡ ጥቂት ልበል፤ ስመለስ ሁሉም የጠየቀኝ ስለ እሱ ነውና። ሕንድን ያየ ሰው ሁሉ ዶሳን ከእንጀራ ጋር ያመሳስለዋል። በኔ አስተያየት ለእንጀራ የሚቀርበው አፓም የሚሉት ነው። ሩዝ ተዘፍዝፎ ከኮኮናት ጋር ይፈጭና እርሾ ገብቶበት ያድራል። ጧት ጎድጓዳ ምጣድ ላይ ጨልፈው ምጣዱን በሁለት እጅ ሲያዞሩት ጫፉ ስስ ሆኖ ይደርቃል፤ መሐሉ ግን ዐይን አውጥቶ ይነፋል። አማቺ ሊጡ ኩፍ ብሎ ከዕቃው መፍሰሱን ሲያዩ «ዛሬ ሙቀት ነው» ይላሉ፤ እናቴም አዲስ አበባ ሆና የምትለው ይህንኑ ነው። የሚጠጣው ውሃ በቀይ እንጨት ፍቅፋቂ ስለሚፈላ ጽጌረዳ መልክ አለው። ወጡ ግን ኮኮናት ይበዛበታል፤ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ በርበሬ እንደ ሰው ይናፍቃል።

እኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ ትምህርት ይዘጋል፤ እነሱ ዘንድ ግን ክረምት ሲገባ ትምህርት ይከፈታል። በሰኔ መጀመሪያ ዝናቡ እንደ ገንዳ ሲገለበጥ ሕፃናቱ አዲስ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ከቁመታቸው የሚተልቅ ጃንጥላ ይዘው ይወጣሉ። የቤታችን ልጅም አንደኛ ክፍል የገባችው በዚያ ሰሞን ነው። የአማቺን አያያዝ ማስተዋል የጀመርኩትም ያን ጊዜ ነው። እኔም የአራት ዓመት ልጄን ለእናቴ ትቼ ስለ ሄድኩ ነገሩን በቸልታ ላየው አልቻልኩም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯ ይገለጣል። አማቺ አርባ ዓመት ያህል ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ስሕተቱን በአንድ ዐይናቸው ያዩታል። ነገር ግን አንዲት ቃል አይናገሩም። ገጹን በስልካቸው ፎቶግራፍ አንሥተው ወደ ኩዌት ይልካሉ። «ጎበዝ» የሚለውም ሆነ «ይህን አርሚው» የሚለው ቃል የሚመጣው ከእናቲቱ ነው። አንዳንድ ቀን እናቲቱ ሥራ ላይ ሆና መልሱ ሳይደርስ ይመሻል፤ ልጅቷም ትነጫነጫለች። አማቺ ግን ፍንክች አይሉም። ጫማ ሲገዛላት «እናትሽ ናት የገዛችልሽ» ይሏታል፤ ሐሰትም አይደለም። ጠጉሯ ዐይኗ ላይ ወርዶ ሲያስቸግራት እንኳ መቀሱን ይዘው ስልክ ደወሉ። «ሁለት ጣት ያህል» የሚል ትእዛዝ ከኩዌት ደረሰ፤ አማቺም ሁለት ጣታቸውን ግንባሯ ላይ አስቀምጠው ለክተው ቆረጡ።

ከሁሉ ያስገረመኝ አንድ ክልከላ ነው። ልጅቷ ስታጠፋ ራሳቸው ይቆጧታል፤ እናቷን ማስፈራሪያ አያደርጓትም። «ቆይ እናትሽ ትምጣ!» የምትለዋን ቃል ስንቶቻችን በቀን ስንት ጊዜ እንደምንላት አስቡ። አማቺ በዓመት አንድ ጊዜ የምትመጣን እናት ልጅ በፍርሃት እንዲጠብቃት ማድረግ ክፋት ነው ይላሉ።

ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጡት የነገሩኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝቅተኛ በርጩማ መሳይ ነገር ላይ ተፈናጠው፣ ከፊቱ በተተከለው ጥርስ ባለው ብረት ኮኮናት እየፋቁ። ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጡ የበኩር ልጃቸው ሁለት ዓመቱ ነበር። እናታቸው «አገሩን ሳታውቂው ሕፃን ይዘሽ አትሄጂም» ብለው አስቀሩት። ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ስልክ የሚታሰብ አልነበረም። የሁለት ዓመቱ ውል አልቆ ለዕረፍት አገራቸው ሲገቡ ልጁ አያቱ ቀሚስ ሥር ተሸሸገ። እናትህ ኢትዮጵያ አስተማሪ ናት ሲባል ስለ ኖረ፣ ሁለቱን የዕረፍት ወራት በሙሉ «ቲቸር» እያለ ሲጠራቸው ከረመ።

«እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም» አሉኝ አማቺ፣ እጃቸውን ሳያቆሙ። «በጣም ትወደው ነበር። ስለምትወደውም የኔን ስም ማንሣት ረሳች።»

በሁለተኛው ጉዞ ልጁን ይዘውት መጡ። ደብረ ማርቆስ ከሰፈር ልጆች ጋር አማርኛ ለምዶ አስተርጓሚያቸው ሆነ። ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ነው፤ በየእሑዱ ይደውላል። «አሁንም ሲቀልድ ቲቸር ይለኛል፤ እሱ ይስቃል» ብለው ዝም አሉ። ደመወዙ ግን ሁለት እኅቶቻቸውን ድሮላቸዋል። ይህንንም አልደበቁኝም።

አንድ ምሽት ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ኩዌት ከኬረላ በሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ ስለሆነች፣ ስልኩ የሚደወለው እዚያ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ነርሷ ወደ ሌሊት ፈረቃ ከመግባቷ በፊት ነው። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ፣ እናቲቱ በምስሉ እየታየች ሳለ ልጅቷ እርጥቡ በረንዳ ላይ አዳልጧት ወደቀች። ብድግ ብላ በስልኩ አጠገብ አልፋ ወደ አያቷ ሮጠች። የእናትየዋን ፊት ባላየሁ ኖሮ ያሰኛል። አማቺ አቀፏት፤ ግን አላቆዩአትም። ተሸክመው ስልኩ ፊት አስቀመጧትና ጉልበቷን ገልጠው «ነርሷ ትይልሽ» አሉ። እናቲቱም ድምፅዋን አደላድላ «ወደ መብራቱ አስጠጊልኝ፤ እጠፊው፤ በውሃና በሳሙና ይታጠብ» አለች። ልጅቷ የታዘዘችውን ስትፈጽም ለቅሶዋ ቆመ።

የኛም እኅቶች በኩዌት፣ በቤይሩትና በሳዑዲ ዓረቢያ እንደሚገኙ የታወቀ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ያቺ ነርስ ሙያ፣ ውልና የዓመት ዕረፍት አላት። ከኛዎቹ ብዙዎቹ የሚሄዱት ለቤት ሠራተኝነት ነው፤ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይዞባት፣ ስልኳን ተከልክላ ዓመታት የምትቆጥር ጥቂት አይደለችም። ከእሷ ዘንድ ሁለት ጣት ያህል ቁረጡ የሚል መልስ ለማግኘት አያቲቱ ወር ትጠብቅ ይሆናል። ቢሆንም የሚላከው ብር በባንክ በኩል ይቆጠራል፤ የአያቲቱን ድካም ግን የሚቆጥረው የለም። አማቺ ደም ግፊት አለባቸው፤ ሌሊት ልጅቷ ስታስል የሚነሡት ግን እሳቸው ናቸው።

በቤት ሥራው የምታግዛቸው አንዲት ጎረቤት ናት፤ ጧት ሁለት ሰዓት መጥታ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። እንደ እኛ ሠራተኛ ወጥ ቤት አጠገብ አታድርም። በ1990 ዓ.ም. በኬረላ መንግሥት የተቋቋመው ኩዱምባሽሪ የሚባለው የሴቶች ማኅበር አባል ናት። ከአሥር እስከ ሃያ የሚሆኑ ጎረቤታሞች በየሳምንቱ ተሰብስበው ገንዘብ ይቆጥባሉ፤ ይበዳደራሉ። እቁብን ብነግራት ዕጣ መጣሉ አስደነቃት፤ «ያልደረሳትስ?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ አማቺ ስለ ነሐሴ አነሡልኝ። ነርሷ የዓመት ዕረፍቷን ይዛ ለአንድ ወር ልትመጣ ነው። ቤቱ ሊጸዳ፣ የተዘጉት ክፍሎች ሊከፈቱ ነው። እሳቸው ግን የመጀመሪያውን ሳምንት እኅታቸው ዘንድ ለመቆየት ቆርጠዋል። ልጃቸው በስልክ አልቅሳ «ብቻዬን አልችላትም፤ ምን እንደምትበላ እንኳ አላውቅም» ብላ ለምናቸዋለች። አማቺ የማይሰሙ ሆነው አይደለም፤ ሲነግሩኝ የሳሪያቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ ይፈቱት ነበር። እሳቸው ቤት ውስጥ ካሉ ልጅቷ የምትሮጠው ወደ ማን እንደሆነ ያውቁታል። የልጅቷን ምግብና መድኃኒት፣ የምትፈራውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፈው ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፈዋል። እኅታቸው ቤት በአውቶቡስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።