በጠረጴዛ ላይ የቀረ ደብዳቤ

በመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ፣ በአንድ አሮጌ የግጥም መድበል ገጾች መካከል፣ ሩብ ምዕተ ዓመት የኖረ ወረቀት አለ። ፖስታ የለውም፤ ቴምብርም አልተለጠፈበትም። በራስጌው የቀይ መስቀል ምልክት ታትሞበታል፤ ከሥሩ ጥቂት መስመሮች ተጽፈውበታል፤ የቀረው ለመልስ የተተወ ቦታ ነው። ያ ቦታ ዛሬም ባዶ ነው። ወረቀቱን የላከችልን የእናቴ ታላቅ እኅት፣ አክስቴ ናት፤ መልሱን መጻፍ የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ነገር በግጥምም ሆነ በመድረክ አንድም ቃል ሳልናገር ኖሬአለሁ። አሁን ብዕሬን ያነሣሁት፣ በጦርነትና በቅኝ አገዛዝ ዘመን ደብዳቤ እንዴት ይጓዝ እንደ ነበር ሳጠና ከርሜ፣ የተማርሁት ሁሉ ወደዚያ ባዶ ቦታ እየመለሰ ስላስቸገረኝ ነው።

በአገራችን ፖስታ ቤት ከመከፈቱ በፊት ደብዳቤ የሚሄደው በሰው እግር ነበር። መልእክተኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ወረቀቱን ላብ አይነካውም፤ ሰውዬውም መልእክተኛ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። ቆላውን ወርዶ፣ ደጋውን ወጥቶ፣ ወንዝ ሲሞላ እስኪጎድል ከዳር ተቀምጦ ጠብቆ፣ የሰጡትን ያደርሳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤም ከደጋው ወደ ባሕሩ ጠረፍ ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ለንደን ገባ። አራት ወር ያህል መሆኑ ነው። ለዘመኑ መንገድ ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ለሆነው ግን መንገዱ ተጠያቂ አይሆንም። ንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅነት ጠይቀው፣ መልእክተኞች ለመላክ ማሰባቸውን ገልጸው ነበር። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን ለህንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አሳለፈው፤ እዚያም መልስ ሳይሰጥበት ተቀመጠ። ዝምታው ከንቀት ተቈጠረ፤ በ1856 ዓ.ም ቆንስሉ ካሜሮን ታሰረ። የንግሥቲቱን መልስ የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም በሐምሌ 1856 ዓ.ም ምፅዋ ቢደርስም፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም ነበር። ደብዳቤው ከተጻፈ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ ማለት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም በመቅደላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ጦርነቱን ያመጣው ያ ዝምታ ብቻ ነው አልልም፤ ይሁን እንጂ ያ ዝምታ ባይኖር ኖሮ ብሎ የማያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም። የናፒየር ጦር በመጣ ጊዜ ከዙላ ጀምሮ የባቡር ሐዲድና የቴሌግራፍ ሽቦ እየዘረጋ፣ የራሱንም የጦር ሜዳ ፖስታ ቤት ይዞ ነበር። ለንጉሥ ደብዳቤ መልስ ያጣ መንግሥት፣ ለወታደሩ ደብዳቤ መንገድ አላጣም።

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ከተፈረመ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ መጫናቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት በደብዳቤ አስታወቁ። ከእንግሊዝና ከጀርመን የተመለሰው ቃል ግን ጉዳዩ በኢጣልያ በኩል ሊያልፍ ይገባዋል የሚል ሆነ። የውሉ አንቀጽ 17 በአማርኛው ፈቃድ ሲሰጥ፣ በኢጣልያንኛው ግዴታ ጥሎ ነበርና። እንግዲህ ያ ታላቅ የነፃነት ክርክር ከሥሩ ሲታይ፣ «ደብዳቤያችን በማን እጅ ይለፍ?» የሚል ጥያቄ ነበረበት ማለት ይቻላል። ውሉ በ1885 ዓ.ም ተሻረ፤ በ1886 ዓ.ም የኢትዮጵያ ፖስታ እንዲቋቋም ተወሰነ። ሰባት ዓይነት ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳ ተቀረጸ።

ይህም ሆኖ የራስን ቴምብር ማተም ብቻውን አልበቃም። አገራችን የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል እስከሆነችበት እስከ ጥቅምት 1901 ዓ.ም ድረስ፣ ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ የእኛን አንበሳ ለጥፎ ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳዮቹም ቴምብር ይጨመርበት ነበር። የእኛው ቴምብር እስከ ባሕሩ ዳር ብቻ ይታመናል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ዋስ መጥራት ነበረበት።

ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ፣ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ የኢጣልያን ንጉሥ መልክ ከኢትዮጵያ ስም ጋር አጣምሮ በቴምብር ላይ ማውጣት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የአገሪቱ ስም ራሱ ከቴምብሩ ላይ ወርዶ «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ» በሚለው ተተካ። ደብዳቤ በሳንሱር እጅ ይከፈታል፤ ተነብቦ፣ ማኅተም ተመቶበት ያልፋል፣ ወይም ይቀራል።

በዚያ ዘመን የሕዝቡ ፖስታ ቤት ሌላ ነበር። አክስቴ የዚያ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በቡልጋ፣ የዐሥርና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ኩበት በቅርጫት ተሸክማ በጠላት ምሽግ ሥር ታልፍ ነበር። ከኩበቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አለ፤ በገደሉ ውስጥ ላሉት አርበኞች ነው። ፊደል አልቈጠረችም። ከአሥመራ ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ፣ እኔ ሕፃን ሆኜ፣ ወረቀቱ ምን ይል እንደ ነበር ደጋግሜ እጠይቃት ነበር።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ! የኔ ሥራ ማድረስ ነው። ደግሞ ባዶ እጅሽን እንዳትመለሺ ይሉኝ ነበር። መልስ እስኪሰጡኝ ከድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ቢመሽም እጠብቃለሁ።»

ይህች ሴት፣ ኤርትራ በ1945 ዓ.ም ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ፣ ነጋዴ ባሏን ተከትላ አሥመራ ገባች። ወልዳ ከብዳ እዚያው ኖረች። በግንቦት 1990 ዓ.ም በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲነሣ ስልኩም ፖስታውም ተቋረጠ። እናቴ በየማለዳው ራዲዮ ከፍታ ትሰማለች፤ ራዲዮ ግን የምሽጎችን እንጂ የእኅትን ወሬ አይናገርም።

ለእንዲህ ያለው ቀን ዓለም ያዘጋጀው አንድ ጠባብ መንገድ አለ። ቀይ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1870 በፈረንሳይና በፕሩስያ ጦርነት ጊዜ በባዝል ከተማ፣ በ1914 ደግሞ በጄኔቫ የምርኮኞችን ዜና የሚያቀባብል ቢሮ ከፍቶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጦር ለለያቸው ቤተሰቦች የተፈቀደው ሃያ አምስት ቃል ብቻ ነበር። በእኛም ጊዜ ደንቡ ያው ነው፤ ወረቀቱ ሳይታሸግ ይሄዳል፤ የቤተሰብ ዜና እንጂ የፖለቲካም የጦርም ነገር አይጻፍበትም።

የአክስቴ ወረቀት በዚህ መንገድ በ1991 ዓ.ም ደረሰን። ሌላ ሰው ጽፎላት ነው። «እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ያመኛል። የልጅ ልጅ አግኝቻለሁ፤ ስምሽን አውጥተንላታል። ደኅና መሆናችሁን ብቻ አስታውቁኝ» ይላል። እናቴ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያም፣ «ዛሬውኑ ጻፍላት» አለችኝ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ ግጥም መጻፍም ጀምሬአለሁ። «ደኅና ነን» ብሎ መጻፍ እንደ እኔ ላለ የቃል ሰው የሚያሳፍር መሰለኝ። ስለ ወንድማማች ደም፣ ስለ መረብ ወንዝ፣ ስለ ታሪክ ፍርድ በሌላ ወረቀት ላይ አረቀቅሁ፤ ደንቡ እንደማያሳልፈው ስለማውቅ ቀደድሁት። እንደገና አረቀቅሁ። ፈተና መጣ፤ ክረምት መጣ። እናቴ፣ «ላክህላት ወይ?» አለችኝ። «ልኬአለሁ» አልኋት። እልካለሁ ብዬ ስላሰብሁ ውሸት አልመሰለኝም ነበር። በ1993 ዓ.ም በሦስተኛ አገር ከሚኖር ዘመዳችን የአክስቴ መርዶ መጣ።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም ስልክ በተከፈተ ጊዜ የአክስቴ የበኩር ልጅ ደወለ። እናቴ ስልኩን ይዛ ብዙ አለቀሰች። በኋላ ድምፁን ከፍ አድርገን ስንሰማ፣ «ያ ወረቀት ደርሷችሁ ነበር ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ጠየቀ ብቻ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አይደለም ያየችኝ። ከዚያም፣ «ደርሶናል የኔ ልጅ፤ መልስ ልከን ነበር። መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ የጦርነት ጊዜ አይደል!» አለችው።

ያን ቀን ስለዚህ ነገር ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ ከዚያም በኋላ አልተናገረችም። አሁን እርሷም ዐርፋለች። ታውቅ እንደ ነበር አልጠየቅኋትም፤ መጠየቅም አላስፈለገኝም።

እንግዲህ ደብዳቤ የሚጠፋው በመንገድ ብቻ እንዳይመስለን። በረሓው፣ ወንዙ፣ ምሽጉ፣ ሳንሱሩ የየድርሻቸውን ወስደዋል፤ ታሪክም መዝግቦባቸዋል። የቴዎድሮስ ደብዳቤ ግን በረሓውንም ባሕሩንም ተሻግሮ በደኅና ደርሶ ነበር፤ የቀረው በጠረጴዛ ላይ ነው። የአክስቴም ወረቀት ሁለት የጦር ሠራዊት በተፋጠጠበት ድንበር አልፎ ደርሶ ነበር፤ የቀረው በእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፊደል ያልቈጠረችው ልጅ መልስ ሳትይዝ አትመለስም ነበር፤ ፊደል የቈጠርሁት እኔ ግን በሁለት ቃል የሚያልቀውን መልስ አሳመርሁ ስል አስቀረሁት።

ይህን መጽሔት ከምናነብ ሰዎች መካከል ጠረጴዛ የሌለው ጥቂት ነው። በአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ የተማሪ ወረቀት፣ በሹሙ ጠረጴዛ ላይ የባላገር አቤቱታ፣ በደራሲው ጠረጴዛ ላይ አስተያየት የሚጠብቅ የወጣት ረቂቅ አለ። እኔም ዘንድ ባለፈው ወር ከደብረ ብርሃንና ከጅማ የመጡ አራት የግጥም ረቂቆች አሉ። የተዋበ መልስ ልጽፍላቸው ብዬ አቆይቻቸው ነበር። ይህን ጽሑፍ እንደ ጨረስሁ ዛሬውኑ እመልስላቸዋለሁ፤ አጭርም ቢሆን።