ለሚቆጣ ቆዳ የመላጫ ሽቶ ያስፈልገዋልን?



ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ሰዎች የሚያነሡት ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የቢቱሐ ሌኡሚ ወረቀት፣ ወይም ከልጅ ትምህርት ቤት የመጣ የዕብራይስጥ ደብዳቤ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ግን አንዲት እናት የመጡበትን ጉዳይ ከጨረሱ በኋላ ቶሎ አልተነሡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አንተ ወንድ ነህና ታውቀዋለህ። ጸባ ላለው ልጄ ጢሙን ሲላጭ የሚቀባው ሽቶ ልገዛለት ነበር። የትኛው ይሻላል? አንገቱ እኮ ቆስሎ አለቀ» አሉኝ።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም እንዲህ ያለ አንገት በማኅበረሰባችን ውስጥ የዚያ ልጅ ብቻ አይደለም፤ የእኔም ነበር። ስለዚህ በራሴ ላይ ያየሁትን፣ ከሐኪሞች የሰማሁትንና ያነበብኩትን ጨምሬ ልጽፍበት ወሰንኩ። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፤ አያስፈልገውም። ቆዳው ቶሎ ለሚቆጣ ሰው ይህ ሽቶ ቢቀርበት ይሻላል።

ለመሆኑ ይህ «አፍተርሼቭ» የሚባለው ነገር ለምን ተፈለገ? ድሮ ፀጉር አስተካካይ በአንድ ምላጭ ብዙ ሰው ይላጭ ነበር። ከአንዱ ፊት የተነሣ ቁስል ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ፣ ከላጩ በኋላ አልኮል ያለበት ነገር መቀባት በቂ ምክንያት ነበረው። በኋላ ግን ሽታውም ጠርሙሱም እያማረ ሄደና መድኃኒትነቱ ተረስቶ የጨዋ ወንድ ምልክት ሆነ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ኦልድ ስፓይስ ለወንዶች የወጣው በ1938 ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው በራሱ ቤት፣ በራሱ ምላጭ ስለሚላጭ የመጀመሪያው ምክንያት ከሞላ ጎደል ቀርቷል። የቀረው ሽታውና ማቃጠሉ ነው።

ስለ ማቃጠሉ አንድ ነገር ልበል። አባቴ በጎንደር ሳለ ከተላጨ በኋላ ግማሽ ሎሚ ጉንጩ ላይ ያሽ እንደ ነበር ሲያወራ ሰምቻለሁ። ፊቱ ሲለበልበው «ያዘ!» ይል ነበር። የሚያቃጥል ነገር ያድናል የሚለው እምነት ከሎሚው ወደ ጠርሙሱ ተሻገረ እንጂ አልጠፋም። ነገር ግን ማቃጠሉ የመዳን ምልክት አይደለም። አልኮል ምላጭ የላጠውን ቆዳ ሲያገኝ ሕመም የሚሰማውን ነርቭ ይቀሰቅሳል፤ ቶሎ ስለሚተን ደግሞ ይቀዘቅዛል። ሜንቶል የተጨመረበት እንደ ሆነ ቅዝቃዜ የሚሰማውን ነርቭ ያታልለዋል፤ እብጠቱ ግን እዚያው ነው። ከዚህ ሌላ አልኮሉ የቆዳውን ቅባት ያደርቃል። የሽቶ ንጥረ ነገሮችም የቆዳ አለርጂን ከሚያመጡት ዋና ዋና ነገሮች መካከል ናቸው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ 26 የሽቶ ንጥረ ነገሮች በዕቃው ላይ በየስማቸው እንዲጻፉ ያስገደደውም ስለዚህ ነው።

ይህ ለማንኛውም ቆዳው ለሚቆጣ ሰው ነው። የእኛ ልጆች ጉዳይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቆዳ መቆጣት ብቻ ሳይሆን የፀጉሩ ጠባይ ነው። የተጠቀለለ ፀጉር ከሥሩ ጀምሮ ጎባጣ ነው። በምላጭ ሲቆረጥ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል፤ ሲያድግም ወደ ውጭ በመሄድ ፈንታ ተጠምዝዞ የገዛ ቆዳውን ተመልሶ ይወጋል። ሁለትና ሦስት ስለት ያለው ምላጭ ደግሞ ፀጉሩን ስቦ ከቆዳው በታች ስለሚቆርጠው፣ ገና ሳይወጣ ውስጥ ለውስጥ ይወጋል። ሰውነት የራሱን ፀጉር እንደ እሾህ ቆጥሮ ይዋጋዋል። ያብጣል፣ ያሳክካል፣ አንዳንድ ጊዜ መግል ይይዛል፣ ሲድንም ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ሐኪሞች «ፕሴውዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ» የሚል ረጅም ስም ሰጥተውታል። እግሩን እሾህ የወጋው ሰው እሾሁ ሳይወጣ ቁስሉ ላይ ሽቶ ቢያፈስበት ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ ነገሩ የቆሻሻ ጉዳይ አይደለም። ይህን ደግሜ የምለው «ፊትህን በደንብ ስለማትታጠብ ነው» የሚባል ልጅ ስለማውቅ ነው። በ2004 ተመራማሪዎች በአንድ የፀጉር ኬራቲን ጂን ላይ ያለ ጥቂት ለውጥ ለዚህ ሕመም ይበልጥ እንደሚያጋልጥ አሳይተዋል። በእርግጥ ሁላችንም አንድ ዓይነት ፀጉር የለንም፤ ከአንድ እናትና አባት የተወለደው ታላቅ ወንድሜ በየቀኑ ተላጭቶ አንገቱ እንደ ሕፃን ገላ ለስላሳ ነው። እስካሁንም ያሾፍብኛል።

አሁን ወደ ጸባው ልመለስ። የሠራዊቱ ደንብ ወታደር ተላጭቶ እንዲገኝ ያዝዛል፤ በሃይማኖት ወይም በሕክምና ምክንያት ግን ፈቃድ ይሰጣል። ወታደሮቹ «ፕቶር ዛካን» ይሉታል። ቲሮኑት ላይ ሳለሁ አዛዣችን ጠዋት ጠዋት በሰልፉ መካከል እያለፈ አገጫችንን ያይ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የሸሚዜ ኮሌታ ደም መያዝ ሲጀምር ሐኪም ዘንድ ሄጄ የሦስት ወር ወረቀት አገኘሁ። አዛዡ አነበበውና «አንተም ሽርሽር ጀመርክ» አለኝ። ወረቀቱ በእጄ ስለ ነበር መልስ አላስፈለገኝም።

ከማውቃቸው ወጣቶች አንዱ ግን ወረቀት አልነበረውም (ማንነቱ እንዳይታወቅ ነገሩን ለወጥ አድርጌ ነው የምጽፈው)። ሌሊት ሌሊት እየተላጨ፣ እየደማ፣ በላዩም የሚያቃጥለውን ሽቶ እያፈሰሰ ወራት አሳለፈ። በመጨረሻ ቁስሉ ምላጭ አላስነካ ሲለው ዝም ብሎ መላጨቱን ተወ። አዛዡ ያየው ትእዛዝ የማይቀበል ወታደር ነው። ሁለት ሰንበት ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ተከለከለ፤ በሦስተኛው ተናገረ፣ ተቆጣም፣ ነገሩ ወደ ዲስፕሊን ፍርድ ደረሰ። እቤቱ ሄጄ «ለምን ሐኪም አላየህም?» ብዬ ስጠይቀው «ብጉር ወጣብኝ ብዬ ነው ሐኪም ዘንድ የምሄደው? ምን ይሉኛል?» አለኝ። እናቱ አጠገባችን ቡና እያፈሉ ነበር፤ «ቻለው ብዬው ነበር» አሉ።

ቻለው! ይህን ቃል ሁላችንም ሰምተን አድገናል፤ እኔም አልንቀውም፤ ወላጆቻችን የሱዳንን መንገድና የጎንደርን የጥበቃ ዓመታት ያለፉት በእርሱ ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ያልተጠየቀ ነገር አይሰጥም፤ ዝም ያለውንም ሰው ሕመም የለበትም ብለው ያልፉታል። አባቶቻችንም ቢሆኑ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ብለዋል።

ይህ ትግል በእኛ አልተጀመረም። በአሜሪካ ከጥቁር ወንዶች ከ45 እስከ 83 በመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው ተብሎ ይገመታል። የዶሚኖስ ፒዛ ሠራተኞች ጢም እንዳያሳድጉ የሚከለክለው ደንብ በፍርድ ቤት ተከራክረውበት፣ በ1993 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይህ ሕመም ላለባቸው ጥቁር ወንዶች ደንቡ መላላት አለበት ብሏል። በአንጻሩ በኦገስት 2025 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ፒት ሄግሴት ከአንድ ዓመት በላይ ታክሞ አሁንም ያለመላጨት ፈቃድ የሚያስፈልገው ወታደር ከሠራዊቱ እንዲሰናበት የሚያደርግ መመሪያ አውጥተዋል። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው እንዲህ ይዘጋል። እዚህ እኛ ጋ ያለው በር ግን ክፍት ነው፤ ማንኳኳት ብቻ ነው የሚፈልገው።

አንድ የሚያስገርመኝን ነገር በመካከሉ ላንሣ። በዘሌዋውያን 19፥27 ምክንያት ብዙ ሃይማኖተኛ ጎረቤቶቻችን ጢማቸውን በምላጭ አይነኩም፤ የሚላጩት በኤሌክትሪክ መኪና ነው። ከራቢዎቹም አንዳንዶቹ ፀጉሩን ከፍ አድርጎ ከሥር የሚቆርጠውን መኪና አይወዱትም። የቆዳ ሐኪም ለእኔ ቢጤው የሚነግረውም ይህንኑ ነው፤ ምላጭ አትንካ፣ ከሥር አትቁረጥ። እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ እስከ ላግ ባኦሜር ድረስ ያለመላጨት ልማድ አለ። አባቶቻችን በኢትዮጵያ ሳሉ ይህን ልማድ አያውቁትም ነበር፤ ሽማግሌዎቻችን እስካሁን ይገርማቸዋል። ለተወጋ አንገት ግን አንድ ወር ያህል ምላጭ ሳያይ መክረም ከሁሉ የበለጠ ሕክምና ነው፤ ፀጉሩ ሲረዝም ከገባበት ራሱ ይወጣል፣ እብጠቱም ይወርዳል። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ቢብስም አይደንግጣችሁ።

መላጨት ግዴታ ለሆነበት ሰው ከሁሉ የሚሻለው በፀጉር መቁረጫ መኪና አንድ ሚሊሜትር ያህል አስቀርቶ መከርከም ነው። ናታንያ ገበያ አካባቢ ያሉት ፀጉር አስተካካዮችም ቢነገራቸው ያደርጉታል፤ ሳይነገራቸው ግን እንዲያምር ብለው ጠርዙን በምላጭ ይጨርሱታል፣ በላዩም ሽቶውን ይረጩበታል፤ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ምላጭ የግድ ከሆነ ባለ አንድ ስለት ይሁን፤ ፊት በሞቀ ውኃ ይለስልስ፣ ቆዳው አይወጠር፣ ፀጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ ይላጭ። ሁለት ጊዜ መመላለስ አያስፈልግም። በመርፌ ወይም በጥፍር መቆፈር ጠባሳ ከማትረፍ በቀር ጥቅም የለውም።

ከተላጩ በኋላ ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ከዚያም ሽታና አልኮል የሌለበት ተራ የቆዳ ማለስለሻ ክሬም ይበቃል። ከጌጠኛው ጠርሙስ ይልቅ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ሽታውን የሚወድ ሰው ልብሱ ላይ ይርጨው፤ ቆዳውን ይተወው እንጂ ሽቶን የሚከለክለው የለም። የባሰበትን ሐኪሙ በቅባት ሊረዳው ይችላል፤ በሌዘር ፀጉሩን የሚቀንሱም አሉ፤ ነገር ግን ሌዘሩ ለጥቁር ቆዳ የሚስማማው፣ ኤንዲያግ የሚባለው፣ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቆዳን ያቃጥላል።

ለእናትየዋ ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርኳቸውና ልጃቸው ለሐኪሙ የሚያሳየውን አንድ ቃል በወረቀት ጻፍኩላቸው፤ «ስዓሮት ሖድራኒዮት»፣ ወደ ቆዳ ውስጥ የሚገቡ ፀጉሮች ማለት ነው። «ብጉር አለብኝ» ካለ የብጉር ቅባት ይዞ ይመለሳል። እብጠቱ በጣም በሚታይበት ቀን ልጁ አንገቱን በስልኩ ፎቶ ያንሣ፤ ቀጠሮው ሲደርስ ቆዳው ተሽሎት ሊገኝ ይችላልና። ከጸባ በፊት በኩፓት ሖሊም የቆዳ ሐኪም ያየው እንደ ሆነ የዚያን ወረቀት ቅጂ ይያዝ። ፕቶሩን ሲያገኝ የሚያበቃበትን ቀን ልብ ይበል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ወደ ሐኪሙ ቢመለስ ጥሩ ነው፤ ወረቀቱ ባለቀ ማግስት ጠዋት በጢም ሰልፍ ላይ መቆም ደስ አይልም።