አራስነቷን አታሳጥሩባት

"ኤም ኤስ ያለባት ሴት መውለድ የለባትም" የሚል ምክር ዛሬም ይሰማል። አማት ትላለች፣ ባል ይላል፣ አንዳንዴ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰውም ይላል። ጊዜው ያለፈበት ምክር ነው፤ ስንት ሴት እንዳስለቀሰ ፈጣሪ ይወቀው።

ኤም ኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ) የገዛ ሰውነታችን መከላከያ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። ዓይን ይደበዝዛል፣ እግር ይደነዝዛል፣ ተኝተው ቢነሱም የማይለቅ ድካም ይጫናል። ደግሞ ይተዋል፣ ደግሞ ይነሳል። ከወንድ ይልቅ ሴትን ያጠቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ልክ በመውለጃዋ ሰዓት ነው። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ስለሚበዛ እኛ ዘንድ ቶሎ አይጠረጠርም። ዓይኗ ደብዝዞ በሳምንታት የተመለሰላት የባህር ዳር ልጅ "በጠበሉ ዳንኩ" ብትል አልፈርድባትም። ጠበሏን ሳትተው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄዳ ትታይ ነው የምለው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት በ12 የአውሮፓ አገሮች ኤም ኤስ ያለባቸውን 254 እናቶች ተከታትሎ ነበር። ከእርግዝና በፊት በዓመት በአማካይ 0.7 ጊዜ ይነሳባቸው የነበረው ሕመም በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት በዓመት ሲሰላ ወደ 0.2 ወረደ። ከወለዱ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ግን፣ እንዲሁ በዓመት ሲሰላ፣ ወደ 1.2 ወጣ፤ ከዚያ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በእነዚያ ሦስት ወራትም ቢሆን ከአሥሩ እናቶች ሰባቱ ያህል ምንም አልተነሳባቸውም።

እንግዲህ ይህን በእኛ አራስ ቤት እዩት። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ ጎረቤቱ ይገባል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ እናቲቱ ውኃ እንኳ አትቀዳም። ኤም ኤስ ላለባት ሴት ከዚህ የተሻለ ወግ የለም። ችግሩ ማለቂያው ላይ ነው። ወንድ የወለደች በ40፣ ሴት የወለደች በ80 ቀን ክርስትና ታስነሳለች፤ ድግሱ ሲያልፍ እንግዳው ይበተናል፣ እሷም ወደ ምጣዷና ወደ ልብስ አጠባዋ ትመለሳለች። ሦስት ወር 90 ቀን ነው። ወንድ የወለደችው አራስነቷ የሚያበቃው ሕመሙ ሊነሳ በሚችልበት ጊዜ እኩሌታ ላይ ነው።

ሌላው ሙቀቱ ነው። በሩ ተዘግቶ፣ መስኮቱ በጨርቅ ተወትፎ፣ ከሰሉ ግሎ፣ አራሷ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርባ ትኩስ ገንፎ ትበላለች። ኤም ኤስ ያለባት ሴት ሰውነቷ ትንሽ ሲሞቅ ዓይኗ ሊጋረድ፣ ጉልበቷ ሊከዳት ይችላል። ስትቀዘቅዝ ይመለሳል፣ አዲስ ጉዳትም አይደለም፤ ሕፃን አቅፋ ስትነሳ ከሆነ ግን መውደቅ አለ። ብርድ ይመታታል ብላችሁ የምትሰጉ እናቶቼ፣ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት፣ እባካችሁ መስኮቱን ክፈቱላት፤ የጣና ነፋስ ይግባላት። የከሰሉ ጭስ ለሕፃኑም አይበጅም።

እግሯ ሲዝል ደግሞ "የወገብ መርፌው ነው" ማለት ልማዳችን ነው። ያው ጥናት በወገባቸው የምጥ ማስታገሻ የተወጉትን እናቶች ተከታትሎ ሕመሙ በእነሱ ላይ ብሶ አላገኘውም። መርፌውን ስንከስ ሕክምና የምታገኝበት ቀን ያልፋል።

ለማርገዝ ያሰብሽ እህቴ፣ ከማርገዝሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ። እንደ ፊንጎሊሞድና ቴሪፍሉኖማይድ ያሉት መድኃኒቶች ከእርግዝና ጋር አይሄዱም፤ ግላቲራመር አሴቴት ግን ሐኪም ካመነበት ሊቀጥል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ካስገባቸው 3 የኤም ኤስ መድኃኒቶች አንዱ ይኸው ነው። በዝርዝር መግባትና በፋርማሲያችን መደርደሪያ ላይ መገኘት ለየቅል ናቸውና ጤና ቢሮዎቻችን ይህን ይስሙ። ጡት ማጥባትም በሽታው ስላለ ብቻ አይከለከልም፤ እንዲያውም በወተቷ ብቻ የምታጠባ እናት ሕመሙ እንዳይነሳባት ሊያግዛት እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ።

ባሏ፣ እናቷ፣ እህቷ፦ ክርስትናው ካለፈ በኋላም ሦስት ወር እስኪሞላት ምጣዱን እናንተ ጣዱላት፤ ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስም አጥብታ ስትጨርስ ተቀበሏትና ትተኛ።