ነገርን አሳጥሮ ስለ መጻፍ

ወሬ የሚያበዛ ሰው ሲገጥመን ምክንያት ፈጥረን ልንለየው እንችላለን። የተጻፈ ነገር ግን እንዲህ አይደለም፤ ግዴታ ያለበት ሰው እየመረረውም ቢሆን እስከ መጨረሻው ያነበዋል፤ ግዴታ የሌለበት ደግሞ ከመካከሉ ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ ብዕር የሚያነሣ ሁሉ የሌላውን ሰው ጊዜ በእጁ እንደ ያዘ ማወቅ ይገባዋል። «ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» የተባለው በከንቱ አይደለም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ማሳጠር ከውጭ አገር የመጣ ጥበብ እንዳይመስልህ። በቅኔ ቤት ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። በእነዚያ ሁለት ቤቶች ሰሙንና ወርቁን አስማምቶ ማግባት ይጠበቅበታል። ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። መወድስ የጉባኤ ቃና አራት እጥፍ ቢሆንም ማንም ረዘመ ብሎ አይነቅፈውም፤ እያንዳንዱ ቤት የሚሸከመው ጭነት አለውና። እንግዲህ የሚነቀፈው ርዝመት ሳይሆን ባዶነት ነው።

ቋንቋችንም ለዚህ ይረዳናል። «አልሰጠኋቸውም» የሚለው አንድ ቃል ሰጪውን፥ ተቀባዮቹን፥ ያለፈውን ጊዜና አሉታውን ሁሉ ይዟል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስማር ይህን ለማለት አምስት ቃል ሲያስፈልግ አይቼ ተደንቄአለሁ። እኛ ግን ሀብታችንን እናባክነዋለን። «ተወያዩ» ማለት ሲበቃ «ውይይት የማድረግ ሥራ አከናወኑ» እንላለን። «መምህራን» ራሱ ብዙ ቁጥር ሆኖ ሳለ «መምህራኖች» እንላለን፤ «ቀደም ሲል ከዚህ በፊት» እያልንም አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ እንጭናለን።

ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላሳሰበኝ። ነገር ግን ሰው ይጎዳበታል። እዚህ በመካነ ኢየሱስ አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ የእርሻዋ ድንበር ቢገፋባት አቤቱታ አስጻፈች። ጽሑፉ ሦስት ገጽ ነበር። በመጀመሪያው ገጽ የባለ ሥልጣኑ ውዳሴ፥ በሁለተኛው የሟች ባሏ ደግነትና የእርሷ ችግር ተዘርዝሯል፤ የድንበሩ ነገር የመጣው ከሦስተኛው ገጽ ግርጌ ነው። የተቀበላት ሰው የመጀመሪያውን ገጽ ገረፍ አድርጎ አይቶ፥ «እናቴ፥ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» አላት። ደንግጣ መልስ ብታጣ፥ በሌላ ቀን እንድትመጣ ነግሮ አሰናበታት። በዚህ መካከል ዝናቡ ገባ፤ ማሳዋም በሌላ ሰው ታረሰ። ኋላ አንድ ተማሪዬ «ከወንዙ በላይ ያለው የእርሻዬ ድንበር ሦስት ክንድ ተገፍቷል፤ መጥታችሁ ለኩልኝ» ብሎ፥ ቦታውንና ቀኑን ጨምሮ በስድስት መስመር ጻፈላት። በዚያው ሳምንት የሚለኩ ሰዎች መጡ። መሬቱ ተመለሰላት፤ የዚያ ዓመት እህል ግን አልተመለሰም።

ሕጉም ቢሆን ጸሐፊውን አይደግፍም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አቤቱታ ዋናውን ፍሬ ነገር ባጭሩ እንዲይዝ ያዝዛል።

ሆኖም ማሳጠር ማለት መቁረጥ ብቻ አይደለም። ለእናትህ ደብዳቤ ስትጽፍ «እንደምን ከርመሻል?» ማለት ትርፍ ቃል አይባልም፤ እርሷ የምትጠብቀው ፍሬ ነገር እርሱ ነውና። ቀንን፥ ቦታንና ስምን የሚያስቀርም ሰው ነገሩን አጎደለ እንጂ አሳጠረ አይባልም።

ለተማሪዎቼ ስሰጥ የኖርሁት ምክር ይህ ነው። የምትሻውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍና ከላይ አስቀምጠው። ጽፈህ ስትጨርስ አሳድረው፤ በማግሥቱ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። የተጠራጠርኸውን ቃል በጣትህ ሸፍን፤ ተሸፍኖም ነገሩ ሳይጎድል ከተነበበ ሰርዘው። ያማረ ቃል መሰረዝ ያሳዝናል። ነገር ግን ገበሬ አረም የሚነቅለው አበባው አስጠልቶት አይደለም፤ የእህሉን ምግብ ስለሚሻማበት ነው።

ቀድሞ ቴሌግራም በቃል ቁጥር ይከፈልበት ስለ ነበረ፥ ላኪው እያንዳንዱን ቃል ይመዝን ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ መልእክት መስደድ ርካሽ ስለ ሆነ ቃል ዋጋ የሌለው መስሎናል። ዋጋው ግን አልቀረም፤ ከፋዩ ከጸሐፊው ወደ አንባቢው ዞረ እንጂ። የሰውን ጊዜ በከንቱ መውሰድም ገንዘቡን ከመውሰድ አይሻልም።